ወደ ቦይ የገባ ቤንዚን አልጠፋም

በርሜል ተቀዶ ወይም ቦቴ ተገልብጦ ቤንዚን መንገድ ላይ ሲፈስ፣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ውኃ አምጥቶ ወደ ቅርቡ ማንሆል ማጠብ ነው። ከዓይን ሲሰወር ያለቀ ይመስለናል። ዳሩ ግን ቤንዚኑ በፍሳሽ ቱቦው ውስጥ በሰው ቤት ሥር ጉዞ ጀመረ እንጂ አላለቀም።

በሜክሲኮ አገር በጉዋዳላኻራ ከተማ የሆነው ይህ ነው። ከመሬት በታች የተቀበረ የቤንዚን ቧንቧ በዝገት ተበስቶ ቤንዚኑ ወደ ፍሳሽ ቱቦዎች ገባ። ነዋሪዎቹ ከቀናት በፊት ጀምሮ ስለ ሽታው አቤት ብለው ነበር፤ ሠራተኞችም መጥተው ማንሆሎቹን መረመሩ፤ ሕዝቡ ግን ከአካባቢው እንዲወጣ አልተደረገም። ሚያዝያ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1992) ረፋዱ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በተከታታይ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ በጉድጓዱና በቱቦው ውስጥ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። እሳቱም ትልቅ መሆን የለበትም። በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ በ1973 ዓ.ም. ከፋብሪካ ሄክሳን የተባለ ኬሚካል ወደ ፍሳሽ ቱቦ ገብቶ ነበር፤ ያቀጣጠለው በላዩ ያለፈ አንድ መኪና እንደሆነ ይታመናል።

ስለዚህ ከማንሆል የቤንዚን ወይም የሌላ ኬሚካል ሽታ ሲወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት አይገባም። ክብሪት መጫር፣ ሲጋራ ማጨስ፣ በአጠገቡ የቆመውን መኪና ማስነሳትም እንደዚሁ። ክዳኑ ሊፈናጠር ስለሚችል በላዩ አትቁሙ። ነፋሱ ከእናንተ ወደ ጉድጓዱ በሚነፍስበት በኩል ርቃችሁ ሕፃናቱን አርቁ፤ ለእሳት አደጋና ለውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት አስታውቁ፤ በቁልቁለቱ በኩል ላሉት ጎረቤቶችም ንገሩ። ፈሳሹ ገና ጉድጓዱ ዘንድ ካልደረሰና ሳትጠጉት መቅደም ከቻላችሁ፣ በመንገዱ ላይ አፈር ወይም አሸዋ ከምሩበት።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በረኪናና አሲድ በአንድ ጉድጓድ አትድፉ፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ዝም ሲል ተከትሎ መግባት ግን ከሁሉ የከፋው ነው። የፍሳሽ ጋዝ በመጀመሪያ እንደበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ወንድሙን ሊያወጣ የገባው እዚያው አጠገቡ ይወድቃል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከላይ ሆናችሁ ገመድ ጣሉለት፤ ለመግባት ግን የመተንፈሻ መሣሪያ የያዙትን ጠብቁ።