የዳቦው ሒሳብና ያልተከፈለው ከረጢት

በሰፈራችን በኅብረት ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ አምስት ሴቶች አሉ። አንድ ቅዳሜ ገንዘብ ያዧን ከማኅበሩ ሊያስወጧት ተስማምተው፣ ሒሳቡን እንድመረምርላቸው እኔ ዘንድ መጡ። በሳምንት 130 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይፈጃሉ። በትልቁ ከረጢት ሲገዛ ኪሎው 60 ሽልንግ ስለሚደርስ 7,800 ሽልንግ ይበቃ ነበር። እርሷ ግን 9,000 አውጥታለች። 1,200ው የት ገባ? (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አቃልያቸዋለሁ፤ ጠቡን ግን አላቃለልኩትም።)

ማባዛቱ ትክክል ነው። የተሳሳቱት ነጋዴው በኪሎ መዝኖ የሚሸጥላቸው አድርገው በማሰባቸው ነው። እርሱ የሚሸጠው ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት በ3,000፣ ባለ 20 ኪሎውን በ1,300 ሽልንግ ነው። 130 ለ50 ሲካፈል 2.6 ይመጣል፤ ከረጢት ቀዶ የሚሸጥ ስለሌለ ሦስት ገዛች። የተረፈው 20 ኪሎ በ60 ሲባዛ ልክ 1,200 ይሆናል። ገንዘቡ በኪሷ ሳይሆን በሦስተኛው ከረጢት ውስጥ ነበር። ያውም ጣሪያው አፍስሶበት ሻግቷል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመረምር የሒሳብ ዘርፍ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ይባላል። «ፕሮግራም» እዚህ ላይ ዕቅድ ማለት ነው። በሶቭየት ኅብረት ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939፣ በአሜሪካ ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 እ.ኤ.አ. መሠረቱን ጥለዋል። አሠራሩ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የማናውቀውን እንሰይማለን፣ ቀጥሎ ገደቡን እንጽፋለን፣ ከዚያ በገደቡ ውስጥ ወጪው የሚያንስበትን እንፈልጋለን።

የትልልቁን ከረጢት ቁጥር «ሀ»፣ የትንንሹን «ለ» እንበል። 50 ጊዜ ሀ ሲደመር 20 ጊዜ ለ ከ130 ማነስ የለበትም። 3,000 ጊዜ ሀ ሲደመር 1,300 ጊዜ ለ ደግሞ በተቻለ መጠን ይነስ። ክፍልፋይ ከተፈቀደ መልሱ ያው 2.6 ትልቅ ነው። ሀ እና ለ ሙሉ ቁጥር ብቻ ይሁኑ ካልን ግን ኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ ይሆናል። ብዙ ሰው 2.6ን ወደ 3 ማሳደግ የሚበቃ ይመስለዋል። እንሞክረው፦ 3 ትልቅ 9,000፤ 2 ትልቅና 2 ትንሽ 8,600፤ 1 ትልቅና 4 ትንሽ 8,200፤ 7 ትንሽ ብቻ 9,100። በኪሎ ሲታሰብ ውድ የሆነው ትንሹ ከረጢት አዋጣ! 50 እና 80 ልክ 130 ስለሆነ ምንም አይተርፍም።

በዚህ ጊዜ በዕድሜ የሚበልጡት ሴት፣ «መምህር፣ የተረፈውን እኮ በሚቀጥለው ሳምንት እንጋግረዋለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። በአምስት ሳምንት 650 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ይህም ልክ 13 ትልቅ ከረጢት፣ 39,000 ሽልንግ ነው። በየሳምንቱ 8,200 ቢወጣ ግን 41,000 ይሆናል። 3፣ 3፣ 2፣ 3፣ 2 እያሉ ቢገዙ አንድም ሳምንት ሳይጎድልባቸው 2,000 ይቆጥባሉ። ታዲያ ሁለት አዲስ ገደቦች ይመጣሉ፤ ዱቄቱ የማይረጥብበት ቦታ፣ እንዲሁም በመጀመሪያው ሳምንት 9,000 ሽልንግ በእጅ። እነርሱ የነበራቸው 8,500 ነበር። የድኻ ሒሳብ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይጣበቃል፤ ርካሹን ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል።

የዓለም የምግብ ፕሮግራምም እህሉ ከየት ተገዝቶ በየት በኩል እንደሚጓጓዝ የሚያቅደው በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራው የፍራንዝ ኤደልማን ሽልማት ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ በጀት ሲጎድል ስሌት ብቻውን ራሽን አይሞላም።

ሴቶቹ በ1 ትልቅና በ4 ትንሽ ጀመሩ። በተረፋቸው 300 ሽልንግ ፕላስቲክ ገዝተው ጣሪያውን ሸፈኑ። ገንዘብ ያዧ ግን ይቅርታ ካልተጠየቅሁ ዱቄት አልገዛም ብላ አንድ ሳምንት አስቸገረቻቸው። እኔ አልፈረድኩባትም።

የወጪ ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ማኅበር ካለ ከማታው ትምህርት በኋላ አብረን እንሠራለን።