አባ መላ፦ መሃሉን ይዘው የኖሩት ፊታውራሪ

ከወልቂጤ ተነስቶ በጅማው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ወሊሶ ይደርሳል። አገሩ ጨቦ ነው። ኦሮሞውና ጉራጌው በአንድ ገበያ ሲገበያይ፣ ሲጋባና ሲዋለድ የኖረበት ምድር በመሆኑ በንጉሡ ዘመን ጨቦና ጉራጌ አንድ አውራጃ ተብሎ ይተዳደር ነበር። በምኒልክ፣ በልጅ ኢያሱና በዘውዲቱ ዘመን የኢትዮጵያን ጦር ከእጃቸው ያላወጡት፣ ሦስቱም ቤተ መንግሥት ያለ እሳቸው ማደር ያልቻለው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የዚህ አገር ልጅ ናቸው። አባታቸው ዲነግዴ የጨቦ ኦሮሞ ሲሆኑ በእናታቸው በኩል ጉራጌ እንደነበሩ ይነገራል። የተወለዱት በ1840ዎቹ ገደማ ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው አባ መላ እያለ ነው።

ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት በፈቃዳቸው አልነበረም። የሸዋ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምት የጉራጌ አገር አንድ ሆኖ አልጠበቀውም። ክስታኔ ቀደም ብሎ ተስማማ፤ ሰባት ቤትና ቀቤና ግን የሐሰን እንጃሞን ተጋድሎ ጨምሮ እስከ 1880ዎቹ መባቻ ድረስ ተዋጉ። በእነዚያ ዘመቻዎች የተማረኩ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ከእነሱ ሁለቱ በኋላ አገር ያወቃቸው ሰዎች ሆኑ፤ አንዱ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሌላው ባልቻ ሳፎ። ሁለቱም ከጉራጌና ከኦሮሞ ወሰን ተማርከው የሄዱ፣ ሁለቱም በምኒልክ እልፍኝ ያደጉ፣ ሁለቱም በአድዋ የተሰለፉ ናቸው። ባልቻ በመድፉና በቁጣው አባ ነፍሶ ተባለ። ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚቆጣበት ሰዓት ዝም ብለው በማሰባቸው መላኛው ተባሉ። የአንድ አካባቢ ልጆች፣ በአንድ ዓይነት መከራ ያለፉ ሰዎች፣ ሁለት የተለያየ መንገድ እንዴት እንደያዙ ማየት የአባ መላን ሕይወት ለመረዳት ያግዛል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ ቦታቸውን የያዙት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ወዲያው በቦረና በኩል ዘምተው የደቡቡን ጫፍ አስገበሩ፤ ግዛቱም በእጃቸው ቆየ። ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ ለእሳቸው ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ፣ 19 ዓመት ያህል፣ ከዚያ ወንበር ማንም አላነሳቸውም። በ1910 ዓ.ም. መሃል ሰፋሪው፣ ማለትም የመሃል አገሩ ጦር፣ አድሞ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ይሻሩልን ሲል እንኳ ሌሎቹ ወረዱ፣ እሳቸው ቀሩ።

ይህ ሁሉ የሹመት ታሪክ ነው። ሰው ግን ሀብተ ጊዮርጊስን ሲያነሳ ከጦርነቱ ይልቅ ፍርዳቸውን ያወራል። ከአፍ ወደ አፍ ከሚተላለፉት አንዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ አመለጠውና ከሥር ቆሞ በነበረ ሰው ላይ ወደቀ። የታችኛው ሞተ፣ የላይኛው ተረፈ። የሟች ወንድም ደም ይፈስልኝ አለ። ሽማግሌ ቢለምነው አልሰማም፤ ካሳ ቢቀርብለት እምቢ አለ። ጉዳዩ ፊታውራሪ ዘንድ ደረሰ። ፊታውራሪ ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ "ልክ ነህ፣ ደምህን መመለስ ይገባሃል" አሉት። ከሳሽ ደስ አለው። "እንግዲህ ወንድምህ በሞተበት አኳኋን ግደለው። ይህ ሰው ከዛፉ ሥር ይቁም፤ አንተ ዛፉ ላይ ውጣና ውደቅበት።" ከሳሽ ዛፉን ቀና ብሎ አየና ካሳውን ተቀበለ ይባላል።

ይህን የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብልጠቱን አድንቆ ያልፋል። እኔ ግን ከብልጠቱ በላይ የሚታየኝ ነገር አለ። ዳኛው የከሳሹን መብት አልነፈጉትም። አላቆጡትም፣ አላዋረዱትም። የጠየቀውን ሙሉ በሙሉ ሰጡት፤ ሰጥተውት ሲያበቁ ግን በገዛ እጁ ወደ እርቅ እንዲመለስ አደረጉት። በጉራጌም በጨቦም ደም የሚበርደው በጉማ ነው፤ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ፣ የገዳይ ወገን ከፍሎ፣ የሟች ወገን ተቀብሎ። ፊታውራሪ ያን የአገራቸውን ልማድ ነው በቤተ መንግሥት ችሎት ያስገቡት። ፖለቲካቸውም እንደ ፍርዳቸው ነበር፤ ለሁሉም ወገን አቤቱታውን ያከብሩለታል፣ እስከ መጨረሻው እንዲገፋበት ግን አያደርጉትም።

ይህ ጠባያቸው ተፈትኖ የታየው ምኒልክ ሕመም ከጣላቸው በኋላ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ሊይዙ ሲነሱ የሸዋ መኳንንት በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ገለል አደረጓቸው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ከመኳንንቱ ጋር ነበሩ። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞተው ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ሲቀሩ ጦሩን የያዙት ፊታውራሪ ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ሲሻሩ ዘውዱ ለዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለራስ ተፈሪ ሆነ፤ ጦሩ እንደገና በፊታውራሪ እጅ ቀረ።

የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ተነስተው የልጃቸውን አልጋ ለመመለስ ሲገሰግሱ ነው አባ መላ እንደ ስማቸው የሆኑት። ከሸዋ በኩል ራስ ልዑል ሰገድ በግንባር ገጥመው ወድቀዋል፤ የሸዋ ጦር ገና አልተሰበሰበም። ፊታውራሪ ለንጉሡ ልባቸው ወደ እሳቸው ያዘነበለ መስሎ የሚታይ መልእክት እየላኩ ጊዜ ገዙ ይባላል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሁለቱ ጦር ሲገናኝ የሸዋው ሞልቶ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በዚያ አንድ ቀን የረገፈው ሰው ብዙ ነው፤ ስለ አስታራቂው ሽማግሌ ስናወራ ሰገሌን ማለፍ አይገባም። መሃሉን ይዞ መኖር እጅን ንጹሕ አድርጎ መኖር ማለት አልነበረም።

ከሰገሌ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ልዩ ናቸው። ዙፋኑ ላይ ንግሥት፣ ከጎናቸው አዲስ ሥልጣኔ የሚወድ አልጋ ወራሽ፣ በመካከላቸው ጦሩን የያዙ ሽማግሌ። ፊታውራሪ በልማድ ከወግ አጥባቂዎቹ ጎራ ይመደባሉ፤ እውነትም ነው፣ የፈረንጅ ሥርዓት በጥድፊያ መግባቱን አይወዱም ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ለወራት አውሮፓን ሲዞሩ፣ ከተማው አልታመሰም። ወግ አጥባቂው ወገን ፊታውራሪ አሉልን ብሎ ያርፋል። ተራማጁ ወገን ፊታውራሪን ካላስቀየምን አንነካም ብሎ ይጠነቀቃል። ማንም ሙሉ በሙሉ አላሸነፈም፤ ስለዚህም ማንም ጠመንጃ አላነሳም።

ጥላውንም ማየት ያስፈልጋል። ፊታውራሪ ቁንጮ ላይ የተቀመጡበት ሥርዓት የገባር ሥርዓት ነው። ወታደሩ ደመወዝ ስለሌለው ገበሬ ይመራለታል፤ ገበሬው እህሉንም ጉልበቱንም ይገብራል። ከቦረና እስከ ጉራጌ ድረስ ይህ ቀንበር የተጫነበት ሰው ስለ አባ መላ ጥበብ ሲነገረው የራሱን አያት ወዝ ያስታውሳል። ተማርኮ የሄደ ልጅ ተመልሶ የማራኪው ሥርዓት ምሰሶ ሆነ። ወሊሶም ወልቂጤም የእኔ ናቸው ሲል ይህን አብሮ ይዞ ነው ማለት ያለበት፤ ያለዚያ የምንወደው ሰውዬውን ሳይሆን ተረቱን ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በቀናት ልዩነት ቀድመዋቸው አርፈው ነበር። ራስ ተፈሪ ጊዜ አላጠፉም፤ የፊታውራሪን ጦርና ሰፊ ግዛት ወደ ራሳቸው አደረጉ። አሁን ወደ ባልቻ እንመለስ። ደጃዝማች ባልቻ የሲዳሞ ገዥ ነበሩ፤ የጥንት ጓደኛቸው በሕይወት ሳሉ ከአልጋ ወራሹ ጋር ያላቸው ቅራኔ በመሃል ሰው ይበርድ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው አዲስ አበባ መጡ፣ ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ቤተ መንግሥት ግብር ተጠርተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ ሰፈር ላይ የቀረው ጦራቸው በማባበልና በገንዘብ ተበተነ። ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነው። በመስከረም 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሳ ወሌ አንቺም ላይ ተዋግተው ወደቁ፣ ንግሥቲቱም በዚያው ሰሞን አረፉ። አሥር ዓመት የቆየው ሚዛን፣ የያዘው እጅ ሲወርድ፣ አራት ዓመት እንኳ አልዘለቀም።

ተመሳሳይ ነገር በሌላ አገር በዚያው ዘመን ደርሷል። አየርላንዳዊው ጆን ሬድመንድ በለንደን ፓርላማ ውስጥ አገራቸው ከእንግሊዝ ሳትገነጠል ራሷን በራሷ እንድታስተዳድር ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ለዘብተኛ ሰው ነበሩ። ሕጉ በመስከረም 1907 ዓ.ም. ቢጸድቅም የዓለም ጦርነት ስለተነሳ ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ። ሬድመንድ ወገኖቻቸው ለእንግሊዝ እንዲዋጉ መከሩ፤ ታማኝነታችን ታይቶ ቃሉ ይከበርልናል ብለው። በሚያዝያ 1908 ዓ.ም. ግን ደብሊን ላይ ጥቂት ሰዎች ጠመንጃ አነሱ፤ እንግሊዝ መሪዎቻቸውን በጥይት ስትረሽን የሕዝቡ ልብ ወደ ሟቾቹ ዞረ። ሬድመንድ በየካቲት 1910 ዓ.ም. ሞቱ። በታኅሣሥ 1911 ዓ.ም. ምርጫ ፓርቲያቸው 6 ወንበር ብቻ ሲያገኝ ነፃነት ፈላጊው ሺን ፌን 73 ወሰደ። በእርግጥ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። አንዱ ያለ ጦር በንግግር የሠሩ የሕዝብ እንደራሴ፣ ሌላው ያለ ምርጫ በጦር የሠሩ ሹም ናቸው። የሁለቱም መሃል ቤት ግን የቆመው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ነበር፤ ወራሽ አልነበረውም።

አባ መላ የተወለዱበት አገር ግን መሃሉን ለአንድ ሰው አይሰጥም። ሰባት ቤት የጆካ አለው፤ ክስታኔ የጎርዳና ሴራ አለው። የጆካ ላይ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ስለ ደም፣ ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ ይነጋገራሉ፤ የሚበይኑት እጅ ቆጥረው ሳይሆን ሁሉም ልቡ እስኪደርስ ተከራክረው ነው። ዛሬ ያልተቋጨ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። አንድ ሽማግሌ ቢያርፍ ቦታውን ሌላው ይይዛል፤ ሸንጎው አይፈርስም። የምኒልክ ሥርዓት አለፈ፣ የንጉሡ አለፈ፣ ደርግ አለፈ፤ የጆካ አሁንም ይነሳል፣ ይጠቀሳል።

ይህ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከሌሎች ዞኖች ጋር በጋራ ክልል መደራጀትን ሳይቀበል ቀረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ክልል ይሁን የሚለውና የተሰጠን ይበቃል የሚለው በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የቡና ዙሪያ የተለያዩበት ጊዜ ነበር፤ ያ ክርክር ሰው አስከፍሏል። መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱንም የሚያዳምጥ ሰው ሲታጣ ምን እንደሚመጣ ከተማዎቹ ከታሪክ መጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም።

የፊታውራሪ ስም ዛሬ በአዲስ አበባ በድልድይና በሰፈር ይጠራል። በትውልድ አገራቸው የቀረው ግን ፍርዳቸው ነው፤ እሱም ገና በጽሑፍ በወጉ አልተሰበሰበም። ከጨቦ እስከ እነሞር፣ ከሶዶ እስከ መስቃን፣ "አባ መላ እንዲህ ፈረዱ" እያሉ የሚጀምሩ አዛውንቶች አሉ፤ ታሪኮቹም ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ላይ ነው ያለው። ተማሪዎቹ መቅጃ ይዘው ይውጡ፤ የተናጋሪውን መንደር፣ የሰማበትን ሰው፣ ፍርዱን ከነክርክሩ ይመዝግቡ፤ የገባሩን ምሬትም እንዲሁ ሳይመርጡ ይቅዱ። ይህ ሥራ በጀት ቢፈልግ ትንሽ ነው፤ የሚፈልገው ጊዜን ነው፣ እሱም ከአዛውንቶቹ ጋር እያለቀ ነው።