ዲስኩ ታወቀ ማለት ለሰርቨር ይሆናል ማለት አይደለም

«ሊኑክስ ሃርድዌር አይመርጥም፤ ያገኘኸውን ሰክተህ ጀምር» የሚለው ምክር መቆም አለበት። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያሳስተው። የቆየ የቢሮ ኮምፒውተር ለቤት ሰርቨር በደንብ ይበቃል። ኔትወርክ ካርዱ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ ይሁን፤ የኢንቴል ካርዶች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው። ስለነዚህ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። መዘዙ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለእንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ብሎ በሚሸጠው «ሬድ» ዲስክ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት በሚይዙ ሞዴሎች ላይ፣ ኤስኤምአር የተባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ለገዢ ሳይናገር መጠቀሙ ተጋለጠ፤ ኩባንያውም አመነ። ሊኑክስ እነዚህን ዲስኮች ወዲያው ያውቃቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው።

የዲስክ መጻፊያ ጭንቅላት ከማንበቢያው ሰፋ ያለ ነው። ማንበቢያው የሚፈልገው ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ኤስኤምአር መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዛቸውን ያደራርባል። በዚያው ገጽ ብዙ መረጃ ይገባል፤ ከሥር ያለውን ለመቀየር ግን ከላይ የተደረቡት መነሣት አለባቸው። ዲስኩ አንዲት መስመር ለማረም ተከታዮቿን አንብቦ እንደገና ይጽፋል። ይህን ለመሸፈን አዲስ የመጣውን መረጃ ባልተደራረበ ጊዜያዊ ቦታ ያቆይና ሥራ ሲፈታ ያዛውረዋል። ፊልም ለሚያይ፣ አልፎ አልፎ ፋይል ለሚያስቀምጥ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

አንዱ ቢሞት መረጃው እንዲተርፍ ብዙ ዲስኮችን በሚያጣምረው ሬይድ ውስጥ አንድ ዲስክ ሞቶ ተተኪው ሲሞላ ግን ፋታ የለም። ቴራባይቶች ይጎርፋሉ፣ ጊዜያዊው ቦታ ይሞላል፣ ዲስኩ ውስጡን እያስተካከለ መልስ ያዘገያል። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ሊኑክስ አንድ ትእዛዝ እስኪፈጸም የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ከዚያ ግንኙነቱን ዳግም ያስጀምራል፤ ሲደጋገም ሬይዱ ጤነኛውን ዲስክ ብልሹ ብሎ ያስወጣዋል። በዚያው በ2020 ሰርቭ ዘ ሆም የተባለው ድረ ገጽ ባደረገው ሙከራ፣ ባለ 4 ቴራባይቱ ኤስኤምአር ሬድ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት በተሠራ የዲስክ ስብስብ ውስጥ ለመሞላት ከ9 ቀን በላይ ፈጀበት። መስመር የማይደራርቡት፣ ሲኤምአር የሚባሉት፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጨረሱ። የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ የሚችል ስብስብ በነዚያ ቀናት ሁለተኛ ቢሞትበት፣ የቤተሰቡ ፎቶ አብሮ ይጠፋል።

ጥፋቱን ወደ ዜድኤፍኤስ የሚያዞሩ አሉ፤ ክርክራቸው ፍሬ ቢስ አይደለም። ተከታታይ ጽሑፍ ኤስኤምአርን ብዙም አያስጨንቀውም፤ የሊኑክስ የራሱ ሬይድ ደግሞ ተተኪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተራ ነው የሚሞላው። አዳዲሶቹ የዜድኤፍኤስ እትሞችም ሥራውን በተራ እየደረደሩ ያቀልላሉ። አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂም ኤስኤምአር ክፉ ምርጫ አይደለም። ለሬይድ ግን አይገዛም።

አዲስ ለሚገዛ «ሬድ ፕላስ»ና የሲጌት «አይረንዎልፍ» ሲኤምአር ናቸው። ያገለገለ የሚገዛ ግን ስሙን አይመን፤ ባለ 4 ቴራባይቱ ሬድ ሞዴሉ በኢኤፍአርኤክስ ካለቀ ሲኤምአር፣ በኢኤፍኤኤክስ ካለቀ ኤስኤምአር ነው። ከመክፈልዎ በፊት ዲስኩን አሰክተው በስማርትሲቲኤል ትእዛዝ የሞዴል ቁጥሩን ያንብቡ።