ስለ ነጭ የወይን ጠጅ ፓንች አሠራርና ስለ ልኩ

በበጋ ወራት ፈተና አልቆ የክፍል ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ማታ አብረው ለማምሸት ሲያስቡ፣ ከምግቡ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው መጠጡ ነው። አንዱ ቢራ ይላል፤ ሁለተኛው ጠጅ ይላል፤ ሦስተኛው ኪሱን ዳስሶ ዝም ይላል። ፓንች የሚባለው መጠጥ ሦስቱንም ሊያስማማ ይችላል። ምክንያቱም ሁለት ጠርሙስ የወይን ጠጅ በፍራፍሬ፣ በሎሚና በአምቦ ውሃ ተበራክቶ ለዐሥራ አምስት ብርጭቆ ይበቃል። ነገር ግን አሠራሩ እንደ ዋዛ ስለሚታይ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ሙዝ የተንሳፈፈበት፣ ስኳሩ ከሥር የዘቀጠ፣ ጉልበቱ ስንት እንደ ሆነ አቅራቢው እንኳ የማያውቀው ለብታ ነው። የጣዕሙ ጉድለት ቢበዛ ፊት ያስጨማድዳል። የልኩ አለመታወቅ ግን ከዚያ የባሰ ጣጣ ስላለው፣ ስለ ሁለቱም መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ፓንች የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1632 እ.ኤ.አ.፣ በሕንድ ይነግዱ ከነበሩ እንግሊዛውያን በአንዱ ደብዳቤ ላይ ነው። ብዙዎች በሕንዶች ቋንቋ «አምስት» ማለት ከሆነው ቃል ጋር ያያይዙታል። አምስቱም አረቄ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውሃ፣ እንዲሁም ሻይ ወይም ቅመም ናቸው ይባላል። ይህን ትርጓሜ የማይቀበሉም አሉ፤ ክርክሩን ለቋንቋ ጥናት ክፍል ጓደኞቻችን እተወዋለሁ። እኛ የምንናገርለት በነጭ የወይን ጠጅ የሚሠራው ዓይነት የቅርብ ዘመዱ በስፔን ይገኛል። ከቀይ ወይን የሚሠራው ሳንግሪያ ሲባል፣ ከነጩ የሚሠራው ክላሬያ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ በእነዚህ ስሞች የሚሸጥ መጠጥ አልኮሉ ከ4.5 በመቶ እንዳያንስና ከ12 በመቶ በታች እንዲሆን ወስኗል። እንግዲህ የመጠጡ ባለቤቶች እንኳ ልኩን በሕግ ማሠር አስፈልጓቸዋል ማለት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የወይን ጠጁ ደረቅ የሚባለው፣ ማለት ስኳር የማይሰማበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጣፋጩን ፍራፍሬው ያመጣዋልና። በአገራችን በዝዋይ (ባቱ) የወይን እርሻ የሚመረተው ሻርዶኔ ለዚህ ይሆናል፤ ከአዋሽ ነጭ የወይን ጠጆች አንዱንም መግዛት ይቻላል። ጣፋጭ የሆነው ዓይነት ብቻ ከተገኘ ስኳሩን ፈጽሞ መተው ነው። ከሎሚና ከአናናስ በታች የሚሰወር ስለ ሆነ ውድ ጠርሙስ ማባከን አያስፈልግም። ነገር ግን ከፍተውት የኮመጠጠውን ወይን ፍራፍሬ ያድነዋል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ኮምጣጤ ስኳር ቢጨመርበት ጣፋጭ ኮምጣጤ ይሆናል እንጂ ወደ ወይንነቱ አይመለስም።

የመጠጡ ነፍስ ፍራፍሬው ነው፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ለሁለት ጠርሙስ ወይን አንድ መካከለኛ አናናስ፣ ሁለት ገና ያልላሙ ማንጎዎች፣ ስድስት ወይም ሰባት ብርቱካንና አራት ሎሚ ይበቃል። አናናሱ መዓዛውን ቶሎ የሚሰጥ፣ ሥጋውም በመጠጥ ውስጥ የማይፈርስ ስለ ሆነ ከሁሉ ይበልጣል። ማንጎው ጠንከር ያለ ይሁን፤ የላመው ቶሎ ይሟሽሽና መጠጡን ያደፈርሰዋል። በክረምቱ ማብቂያ ላይ ኮክ ሲገኝ ግን ማንጎውን ትቶ ኮክ መያዝ ነው፤ ነጭ ወይንና ኮክ የተፈጠሩት አንዱ ለሌላው ይመስላል። እንጆሪ ዋጋው ከበጀታችን ጋር አይስማማም እንጂ መልኩም ሽታውም ያማረ ነው። ዘይቱን መዓዛው ኀይለኛ በመሆኑ ከአንድ ፍሬ በላይ ቢገባ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል።

ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ ከዚህ ይራቁ። ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ስፕሪስ ስንጠጣ የለመድነው ድርብርብ ወፍራም ነገር ያምራል፤ ፓንች ግን ጥሩነቱ በጥራቱ ነው። ሙዙ ይጠቁራል፣ ያልጋል፤ ፓፓያው ይሟሟል፤ አቮካዶው ምን ሊሠራ እንደ መጣ ራሱም አያውቅም።

የተከተፈውን ፍራፍሬ ወይን ከማፍሰስ በፊት ሁለት የቡና ስኒ ስኳር ነስንሶ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይገባል። ብዙ ሰው የማያደርገው ይህ ነው፤ ግን የጣዕሙ ምስጢር ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስኳሩ ከፍራፍሬው ሥጋ ውስጥ ውሃውን ይስባል፤ ያ ውሃ ሲወጣ መዓዛውን ይዞ ይወጣል፤ ስኳሩም በዚያው ይሟሟል። ስኳርን በቀዘቀዘ ወይን ላይ የሚበትን ሰው ግን ግማሹን ከሥር ዘቅጦ ያገኘዋል። ማር የሚወድ ሰው በስኳሩ ፈንታ እንደ ብርዝ አድርጎ፣ ማሩን በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ አጥልሎና አቀዝቅዞ ቢጨምር የሚያስመሰግን ነው። እንዲያውም ብርዝ ጠጥቶ ያደገ ሰው ፓንችን እንደ ባዕድ የሚያይበት ምክንያት የለም።

ከሎሚው አንዱን ልጣጩን በስለት ስስ አድርጎ ልጦ መጨመር መልካም ነው፤ የሎሚ ሽታ ያለበት ዘይት የሚገኘው ከላይኛው ቆዳ ላይ ነውና። ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ግን መራራ ነው። ስለዚህ ልጣጩን ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ማውጣት ይገባል። የቀሩት ሎሚዎችና ከብርቱካኑ የሚበዙቱ ተጨምቀው ግማሽ ሊትር ያህል ጭማቂ ይውጣቸው፤ ሁለቱ ብርቱካን ደግሞ በክብ በክቡ ይቆረጡ።

ከዚህ በኋላ ወይኑንና ጭማቂውን በፍራፍሬው ላይ አፍስሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ዕቃው የመስተዋት፣ የሸክላ ወይም ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ብረቱን እየነካ የብረት ጣዕም ያመጣል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋን በሚመለከት ክርክር መግጠም አልፈልግም፤ ምንም ቢታጠብ የሳሙና ሽታ አይለቀውም።

አንድ ሊትር አምቦ ውሃ የሚጨመረው እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ ከገባ ጋዙ ይጠፋል። አምቦ ውሃ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ በኀይል እንደሚፈላ ያየ ሁሉ ያውቃል። በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት የሎሚውን አሲድ ስለሚያበርድ ነው፤ ስለዚህም አምቦው ከገባ በኋላ ቀምሶ፣ ሎሚው ከደከመ የአንድ ፍሬ ጭማቂ መጨመር ያስፈልጋል። በረዶውም በትናንሽ ኩብ ከሚሆን በአንድ ሳህን ውስጥ የረጋ ትልቅ ድንጋይ ቢሆን ይሻላል። ትልቁ ቀስ ብሎ ይሟሟልና መጠጡን ቶሎ አያቀጥነውም። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ፍራፍሬውም በሚገባ ይታጠብ። «አልኮሉ ጀርሙን ይገድለዋል» የሚለው የዶርም ሳይንስ ለዚህ መጠጥ አይሠራም፤ እንዲህ በቀጠነ አልኮል ተማምኖ ያልታጠበ ፍራፍሬ መዘፍዘፍ አይቻልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቁጥር ሲያነሣ ጆሯችሁን እንደምትደፍኑ ዐውቃለሁ፤ ሆኖም አጭር ነው። ሁለት ጠርሙስ ማለት 1,500 ሚሊ ሊትር ነው። ወይኑ 12 በመቶ ከሆነ በውስጡ 180 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ጭማቂውና አምቦው ሲጨመሩ ሁሉም 3 ሊትር ይሆናል፤ ጉልበቱም ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሲቀዳ 15 ብርጭቆ ይወጣል፤ በእያንዳንዱም 12 ሚሊ ሊትር ወይም ከዘጠኝ ግራም ተኩል ያላለፈ አልኮል ይኖራል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ፣ ቢራው 5 በመቶ ቢሆን፣ 13 ግራም ይይዛል። የሰው አካል በአማካይ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ስለሚያስወግድ፣ አንድ ብርጭቆ ፓንች በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይወጣል። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ እየጠጣ፣ ቀድሞም ፓስታውን በልቶ የተቀመጠ ሰው እየተጫወተ ያመሻል።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው ታዲያ አንድ «ቀልደኛ» ማንም ሳያየው ግማሽ ሊትር ጂን ሲገለብጥበት ነው። ጂኑ 40 በመቶ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ጨመረ ማለት ነው። መጠጡ ከ6 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ይዘላል፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለውም ከ17 ግራም ያልፋል። ከባዶ ወይን ጠጅ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አልቀረውም፤ ምላስ ግን አናናስና ብርቱካን ብቻ ነው የሚነግረው። ስኳሩ፣ ሎሚውና ቅዝቃዜው ተባብረው የአልኮሉን ማቃጠል ይደብቁታል። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ ብሎ የሚያስብ ሰው አራት ያህል ጠጥቷል። በጂን ፈንታ ጉልበቱ እንደ አውጪው የሚለያይ አረቄ ከሆነ ደግሞ ሒሳብ ማውጣትም አይቻልም።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በየግብዣው ይህ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሴት ጓደኞቻችን እንዲጠጡ ታስቦ ነው። «ጭማቂ ነው፣ ምንም የለውም» ተብሎ የሚሰጥ ብርጭቆ ማታለል ነው፤ ነውሩንም የሳቅና የጨዋታ ስም አይሸፍነውም። የማይጠጣ ሰው ምክንያቱን እንዲያስረዳም አይገደድም። አንዱ በሃይማኖቱ አይጠጣም፤ አንዱ ጾም ይዟል፤ ሌላው ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል እየወሰደ ነው፤ ይህን መድኃኒት ከአልኮል ጋር እንዳይወስዱ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። በመካከላችን ያሉት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አብዛኞቹ እዚያ ዕድሜ ላይ ገና አልደረሱም።

ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህኑ ሁለት ይሁን። ፍራፍሬውን ከላይ ከተነገረው በእኩሌታ ጨምሮ በስኳር ማቆየት፤ ከዚያ ወይን ከመነካቱ በፊት ሢሶውን ወደ ሁለተኛው ሳህን ማውጣት ነው። በዚያኛው ላይ በወይኑ ፈንታ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ ወፈር ተደርጎ የፈላና የቀዘቀዘ ሻይ፣ ጭማቂና አምቦ ይፈስበታል። ሻዩ እንደ ወይኑ ሁሉ ምላስን ጥቂት ጨበጥ ስለሚያደርግ፣ መጠጡ እንዲሁ የስኳር ውሃ አይሆንም። የማይጠጣው ጓደኛችን ሚሪንዳውን ይዞ ጥግ ከሚቀመጥ፣ ከሌላው እኩል በጭልፋ እየተቀዳለት ቢጫወት ምን ይጎድልብናል? ሁለቱ ሳህኖች ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡ፤ ጭልፋቸውም አይለዋወጥ። በእያንዳንዱ ፊት ያለውን ነገር በወረቀት ጽፎ ማቆም ነው፤ «ወይን አለበት፤ 6 በመቶ» እና «ወይን የለበትም» ቢባል ይበቃል።

ቀጂም ይኑር። ጠጅ በብርሌ ሲጠጣ ሰው የጠጣውን ለመቁጠር አያዳግተውም፤ አሳላፊውም ያያል። ከጎድጓዳ ሳህን ግን ሁሉም እየመጣ ግማሽ በግማሽ ሲጨልፍ ቁጥሩ ይጠፋል። በቀድሞው ግብር አሳላፊው መጠጡን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ በመጠጡ ውስጥ ክፉ ነገር እንደሌለ በጠጪው ፊት የሚመሰክርበት ሥርዓት ነው። እኛም ከመካከላችን አንድ የታመነ ሰው መርጠን፣ ጭልፋውን አስይዘን፣ በየጊዜው እንዲቀምስና ከሳህኑ እንዳይርቅ ብናደርግ ጂን ይዞ የሚዞረው ቀልደኛ ቦታ ያጣል። ቀጂው በዚያ ማታ የማይጠጣ ሰው ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ከሆነ ግን ከወይኑ ሳህን መቅመስ አይችልምና፣ የመቅመሱን ሥራ ለሌላ ሰጥቶ እሱ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ይትከል።

በመጨረሻ በየብርጭቆው ሥር የሚቀረውን ፍራፍሬ በሚመለከት፦ ወይኑን ጠጥቶ ያበጠ አናናስና ማንጎ ከመጠጡ ያላነሰ አልኮል ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ በማንኪያ የሚለቅመው ሰው ያንንም ከሒሳቡ ያስገባ። የተረፈው ለማግሥቱ አይቀመጥም። አምቦው ሞቶ፣ ሎሚው መርሮ ይገኛል፤ ጠዋት የመጡ የአከራይ ልጆችም ጭማቂ መስሏቸው ሊበሉት ይችላሉና በዚያው ሌሊት መደፋት አለበት።