ጃማይካ፤ እንግዳ የሚጎርፍባት ደሴት

ጃማይካ የምትባል አገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሻሸመኔ አካባቢ የምትኖሩ ሳትሰሙ አትቀሩም። ዛሬ ስለዚች አገር እንነጋገራለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጃማይካ ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ያሉትን ደሴቶች እናውቃለን። ጃማይካ ግን ትልቅ ናት፤ ስፋቷ የጣና ሐይቅን ሦስት እጥፍ ያህላል። የከበባት የካሪቢያን ባሕር ነው። ከእኛ በጣም ሩቅ፣ በፀሐይ መጥለቂያ በኩል ትገኛለች። እኛ ዘንድ ቀትር ሲሆን እዚያ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።

እንግዳው ለምን ይመጣል?

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በካናዳ፣ በሰሜን አሜሪካና በእንግሊዝ ብርዱ አያስቀምጥም። በብዙ ቦታ በረዶ ይወርዳል። ጃማይካ ግን ያን ጊዜ እንደ ቆላችን ሞቃት ናት። ባሕሩም ለብ ያለ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው የዕረፍት ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። «ሰው ለማረፍ ብሎ ባሕር ይሻገራል ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይሻገራል። በ2023 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ እንግዳ መጥቷል። የአገሩ ሕዝብ ራሱ 3 ሚሊዮን አይሞላም!

እንግዶቹ በሞንቴጎ ቤይና በኔግሪል ነጭ አሸዋ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይዋኛሉ። ደንስ ሪቨር በሚባለው ፏፏቴ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ። ብሉ ማውንቴን የሚባለውን ተራራም ያያሉ። ከፍታው 2,256 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽን እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በዚያ ተራራ ላይ የሚበቅለው ቡና ዝነኛ ነው። ቡና እዚያ የገባው በ1728 ዓ.ም. ነው። የዘሩ አገር ግን የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት።

የሕዝቡ ታሪክ

የጃማይካ ሕዝብ አብዛኛው የአፍሪካ ዘር ነው። አያቶቹ ከአፍሪካ ተፈንግለው፣ በመርከብ ተጭነው፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት እንዲሠሩ የተወሰዱ ናቸው። ከባርነት ፈጽመው የወጡት በ1838 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከሕዝቡ መካከል ራስ ተፈሪያን የሚባሉት ኢትዮጵያን እንደ እናት አገር ያያሉ። አንዳንዶቹም መጥተው ሻሸመኔ ሰፍረዋል።

የእንግዳው ነገር የተጀመረው በሙዝ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ ሙዝ ወደ አሜሪካ የሚያደርሱ መርከቦች ሲመለሱ ሰው ይጭኑ ጀመር። ቀስ በቀስ ሆቴል ተሠራ።

ጥቅሙ ለማን ነው?

ብዙ ሰው በሆቴል ሥራ ይኖራል። አብሳዩ፣ ሾፌሩ፣ አልጋ አንጣፊዋ ደመወዝ ያገኛሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግርም አለ። አንዳንድ ሆቴሎች የምግቡን፣ የመጠጡንና የመኝታውን ሒሳብ በአንድ ላይ የሚቀበሉት እንግዳው ገና አገሩ ሳለ ነው። እንግዳው ሁሉን ስለከፈለ ከግቢው አይወጣም። በር ላይ ማንጎ የምትሸጠው ሴት እንግዳውን በሩቅ ታየዋለች እንጂ አትሸጥለትም። ከገንዘቡም ብዙው የሆቴሉ ባለቤት አገር ይቀራል።

የባሕሩም ዳርቻ ያጣላል። በ1956 ዓ.ም. በቅኝ ግዛት ጊዜ የወጣው ሕግ ዳርቻውን ለመንግሥት ሰጠ። ተራው ሰው እንደልቡ ገብቶ የመዋኘት መብት አላገኘም። ዓሣ አጥማጁ አባቱ ጀልባ ያስርበት ወደነበረው ቦታ ሲሄድ አጥር ይጠብቀዋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል።

ገበሬውስ? ሆቴሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቲማቲም፣ ብዙ እንቁላል ይፈልጋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን አይችልም። ሲያቅተው ሆቴሉ ከውጭ አገር ያስመጣል። ስለዚህ ገበሬውን ከሆቴሉ የሚያገናኝ አገልግሎት በመንግሥት ተቋቁሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ዐውሎ ነፋስ

ከሰኔ እስከ ኅዳር በዚያ ባሕር ላይ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ይነሣል። ጥቅምት 2025 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት እየነፈሰ ጃማይካን መታ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ጣራ ተገነጠለ፣ ሙዙና አትክልቱ ወደቀ፣ ብዙ ሆቴሎችም ለጊዜው ተዘጉ። እንግዳው ሲቀር የሆቴል ሠራተኛው ሥራ ፈታ። እርሻው የተመታበት ገበሬም ባዶ እጁን ቀረ።

እንግዳ መቀበል ጥሩ ነው፤ ገቢ ያመጣል። ነገር ግን የአገሩ ሰው ከገበታው ካልደረሰው፣ ቤቱ ደምቆ ባለቤቱ ውጭ እንደማደር ነው።

ጥያቄዎች
1. ደሴት ማለት ምን ማለት ነው?
2. እንግዶች በብዛት ወደ ጃማይካ የሚመጡት በየትኛው ጊዜ ነው? ለምን?
3. ዓሣ አጥማጁ ምን ችግር ደረሰበት?
4. በአካባቢያችሁ እንግዳ የሚያየው ነገር አለ? ቢመጣ ምን ትሸጡለታላችሁ? ተወያዩበት።