ስለ ትንሽ ፉርጎ ጭነት

የእብናት ልጆች አህያ ሲጫን ያያሉ። በገበያ ቀን እህሉ በስልቻና በጆንያ ሆኖ በአህያው ጀርባ ላይ ይወጣል፤ በመጫኛም ይታሰራል። አንዱ ወገን ከሌላው የከበደ እንደ ሆነ ጭነቱ ይዘምማል፤ አህያውም ይቆስላል። ስለዚህ አዋቂ ጫኝ አስቀድሞ ሁለቱን ወገን ያስተካክላል።

የምድር ባቡር ግን በእብናት አላለፈም። የመጀመሪያው የአገራችን ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ዕቃ የሚጫንበት የባቡር ሠረገላ ፉርጎ ይባላል። በእነዚያም ፉርጎዎች ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር።

ባቡር ያላየ ልጅም ከማሽላ አገዳ ትንሽ ፉርጎ ሊሠራ ይችላል። ጭነቱን መሥራት ግን ከፉርጎው ይልቅ ማሰብን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ልኩን እወቁ። 10 ሜትር የሚሆነውን ፉርጎ በ20 ሳንቲ ሜትር ብትሠሩት፣ ሁሉ ነገር 50 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። አንድ ሜትር የሚረዝም ጆንያ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ ከእህል ሁሉ የምታንሰው ጤፍ እንኳ ትልቅ ናት። የአንዲት ጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 50 ጊዜ ቢባዛ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በትንሹ ፉርጎ ላይ ጤፍ ድንች ትመስላለች እንጂ ጤፍ አትመስልም። እህል ለማስመሰል በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አፈር ይሻላል።

ለቡና፣ ካረጀ ጨርቅ ትንንሽ ከረጢት ስፉ፤ አመድ ጨምራችሁ አፉን በክር እሰሩ። ለቆዳ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ አጥፋችሁ ደራርቡና እሰሩት። ለግንድ፣ የደረቀ ጭራሮ በአንድ ልክ ቁረጡ፤ ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ አኑሩ። ከባዱ ነገር ሁልጊዜ በታችና በመካከል ይሁን፤ ያለዚያ ፉርጎው በመታጠፊያ ላይ ይገለበጣል።

በእኛም አገር ከባቡር በፊት ታላቅ ጭነት በሠረገላ ሄዶ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል እንደ ሆነ ይነገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ተራራውንና ገደሉን መንገድ እያስጠረጉ፣ በብዙ ሰው እያስጎተቱ በሚከተለው ዓመት መቅደላ አደረሱት። መድፉ ዛሬም በዚያ አለ፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ይታያል። እናንተም አምሳያውን ከሸክላ ጭቃ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ጭቃውን በእንጨት ላይ ጠቅልሉና እንጨቱን አውጡ፤ ውስጡ ባዶ ሲሆን ይቀላል። በጥላ አድርቁት፤ በፀሐይ ይሰነጠቃልና።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ፉርጎውን እስከ አፉ አፈር ብትሞሉት አገዳው ይሰበራል። ስለዚህ የአገዳ ልብ ከሥር አንጥፋችሁ አፈሩን ከላይ በስሱ ብትነሰንሱ፣ ፉርጎው ሙሉ ይመስላል፤ ሳይከብድም ይሄዳል። ይህ በጨዋታ ነውር አይደለም፤ የሚታለል ሰው የለምና። ባልንጀራችሁ ቢጠይቃችሁም ከሥር ያለውን ታሳዩታላችሁ።

ነገር ግን ያው ሥራ በገበያ ቢሆን ስርቆት ነው። አንድ ሰው ከላይ ንጹሕ ጤፍ፣ ከሥር ገለባና አፈር አድርጎ ስልቻውን ቢሸጥ፣ ገዢዋ መበለት በገበያው መካከል አታውቅም። ከቤቷ ደርሳ ስልቻውን ስታራግፍ ግን ገንዘቧም የልጆቿም እራት እንደ ጠፋ ታያለች። ሻጩ በዚያ ቀን ጥቂት ብር አተረፈ፤ በሚመጣው ገበያ ግን ስልቻው እስከ ሥሩ ሳይፈተሽ የሚገዛው አይገኝም። እውነተኛ እህል ባመጣ ቀን እንኳ አይታመንም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ በትንሹ ፉርጎ ሥር አገዳ አንጥፋችሁ ተጫወቱ። ለሰው በምትሸጡት ስልቻ ግን ታቹ እንደ ላዩ ይሁን።