የሰርቨር ሶፍትዌር ምርጫ ከመግዣ ዋጋ ባሻገር

አንድ ድርጅት የሂሳብ መዝገቡን፣ የሠራተኞቹን ማኅደር፣ የደንበኞቹን መረጃና ኢሜይሉን የሚይዝ ሰርቨር ለማቋቋም ሲነሳ በቅድሚያ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ የትኛውን ሶፍትዌር ይጠቀም የሚለው ነው። በአንድ በኩል የምንጭ ኮዳቸው ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ተይዘው በክፍያ ፈቃድ ብቻ የሚሠራባቸው ይገኛሉ። ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በመግዣ ዋጋ ላይ ቢመሠረትም፣ ሰርቨሩን በየጊዜው ማን ይንከባከበዋል፣ ሁኔታዎች ሲለወጡስ ድርጅቱ በምን መንገድ ይወጣል የሚሉት ጥያቄዎች ይበልጥ ወሳኝ መሆናቸውን ያለፉት ዓመታት ልምድ ያሳያል።

ከክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች መካከል ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፣ ለድረ ገጽ አገልግሎት የሚውለው አፓቼና የመረጃ ቋት የሆነው ፖስትግሬስኪውኤል በሰፊው ይታወቃሉ። ተጠቃሚው እነዚህን ሶፍትዌሮች ያለፈቃድ ክፍያ የመጠቀም፣ ኮዳቸውን የመመርመር፣ የመለወጥና ለሌላ የማስተላለፍ መብት አለው። ያለክፍያ መገኘታቸው የጥራት ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እ.ኤ.አ በኅዳር 2017 ይፋ በሆነው ዝርዝር የዓለማችን ኃያላን 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ።

እንደ ዊንዶውስ ሰርቨር ያሉ የኩባንያ ሶፍትዌሮችም የራሳቸው ብልጫ አላቸው። ኃላፊነት የሚወስድ አንድ የታወቀ አቅራቢ አላቸው፤ የድጋፍ ጊዜያቸው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ብዙ ባለሙያዎችም አሠራራቸውን ለምደውታል። ይሁን እንጂ ወጪያቸው በአንድ ጊዜ ግዢ የሚያበቃ አይደለም። የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ በማሽኑ ኮር ብዛት የሚሰላ ሲሆን፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ የ16 ኮር ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ሰርቨሩን ለሚጠቀሙ ሠራተኞች ወይም መሣሪያዎች የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል። በመሆኑም ድርጅቱ ባደገ ቁጥር ክፍያውም አብሮ ያድጋል።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም ቢሆን ከወጪ ነፃ አይደለም። የፈቃድ ክፍያው ቢቀርም የባለሙያ ደመወዝ፣ የሥልጠና፣ የድጋፍና መረጃን ከነባሩ ሥርዓት የማዛወር ወጪ ይኖራል። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ሊኑክስን መሠረት አድርጎ የድጋፍ አገልግሎት በመሸጥ ያደገ ሲሆን፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ከውጭ ኩባንያ የሚገዛ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ባለሙያ ደመወዝ ግን በብር ይከፈላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ባለሙያውን ማሠልጠንና በሥራው ላይ ማቆየት ሲቻል ነው።

ከደኅንነት አንጻር የትኛው ይሻላል ለሚለው ክርክር እ.ኤ.አ በ2017 የደረሱ ሁለት ክስተቶች ትምህርት ሰጪ ናቸው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ላይ ለተገኘ ክፍተት ማስተካከያ ያወጣው በመጋቢት ወር ነበር። ማስተካከያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች በግንቦት ወር ዋናክራይ በተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ተጠቁ። ጥቃቱ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲጎዳ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። አፓቼ ስትራትስ ለተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም ማስተካከያው የወጣው በዚያው በመጋቢት ነበር። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንን ባለመጫኑ ከግንቦት ወር ጀምሮ በደረሰበት ጥቃት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተዘርፏል። በሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ የጠፋው በወቅቱ የሚጭነው ነው።

የሁለቱ ዓይነቶች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው አቅራቢው አቋሙን ሲለውጥ ነው። ሬድ ሃት እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ይጠበቅ የነበረውን የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ እ.ኤ.አ በ2021 መጨረሻ እንደሚያቋርጥ ያስታወቀው በታኅሣሥ 2020 ነበር። ውሳኔው ብዙ ተጠቃሚዎችን ያስደነገጠ ቢሆንም፣ ኮዱ ክፍት በመሆኑ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተባሉ ምትኮች እ.ኤ.አ በ2021 ተዘጋጅተዋል። በአንጻሩ ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ በኅዳር 2023 ከገዛ በኋላ የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ ተሸጋግሯል። አዲስ ፈቃድና ድጋፍ የሚፈልጉ ደንበኞች የቀረላቸው አማራጭ አዲሱን ውል መቀበል ወይም ወደ ሌላ ሶፍትዌር መዛወር ነው።

ስለዚህ ለድርጅቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ከመወሰን ይልቅ እያንዳንዱን ሥራ ለይቶ መመዘኑ ይመረጣል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዊንዶውስ ሰርቨርን መምረጥ ተገቢ ሲሆን፣ ለድረ ገጽና ለመረጃ ቋት ሊኑክስን የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ክፍት ምንጩ ወጪ ይቀንሳል።

የግዢ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ ሊሰላ፣ የድጋፉ ማብቂያ ቀን ሊረጋገጥና ማስተካከያዎችን የሚጭን ባለሙያ ከነተተኪው ሊመደብ ይገባል። መረጃው ወደ ሌላ ሥርዓት በምን መልክ እንደሚወጣም በውሉ ላይ ሊሰፍር ያስፈልጋል። ለእነዚህ ነጥቦች መልስ ሳይገኝ የተፈጸመ ግዢ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ድርጅቱን ለኋላ ኪሳራ ሊዳርገው ይችላል።